ደቻቱ ደረቅ ነው ላልከው ወንድሜ

ሰሞኑን እህቴ ከአዲስ አበባ አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። ከሥሩ «አንብበህ ተናደድ» ብላበታለች። አነበብኩት፤ ተናደድኩ። ሻሂ ጠጥቼ ድጋሚ አነበብኩት። አሁንም ተናደድኩ፣ ግን በዚህኛው ዙር የት የት ጋ እንደተናደድኩ ለየሁ። ስለዚህ አንድ በአንድ ልሂድበት።

ላላነበባችሁት ነገሩ እንዲህ ነው። ጸሐፊው ድሬዳዋ ሁለት ቀን ነበር። ከዚራ የሚባለው ሰፈር አደረ፣ በማግስቱ ከተማችንን ለሁለት የሚከፍለውን የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ በኩል ያለውን የወንዝ ዳር ሰፈር ዞር ዞር ብሎ አየ፣ ፎቶ አነሳ፣ ሄደ። ከዚያ ስለ ሰፈራችን ጻፈ። ደቻቱ ወንዝ ሳይሆን አሸዋና ቆሻሻ የሞላበት ቦይ ነው ይላል። የዳሩ ነዋሪዎች በ1998ቱ ጎርፍ ያለቁት ወንዝ አፍ ላይ ቤት ቀልሰው፣ በገዛ ጥፋታቸው ነው ይላል። አሁን ግንብ ስለተሠራ ያ ታሪክ ተዘግቷል። ሰፈሩ ከቀትር በኋላ ጫቱን ይዞ ይተኛል። ከዚራና መጋላ ወንዙ የለያያቸው፣ የማይተዋወቁ ሁለት ዓለሞች ናቸው። ይህን ሁሉ ካለ በኋላ ደግሞ፣ ምን እንደታየው እንጃ፣ «የፍቅር ከተማ» ብሎን አረፈ። መፍትሔም አለው፤ ቦዩን ደፍኖ መዝናኛ ማድረግ።

ፎቶዎቹ ቆንጆ ናቸው፣ አልክድም። አንደኛው ላይ የመጣበት መኪና አሸዋው መሃል ለመሃል ቆሞ፣ እሱ ተደግፎት ይታያል። ወደዚያ መኪና እመለሳለሁ።

አንተ እያልኩ ነው የምጽፍልህ፣ እንዳትቀየም። ድሬ ላይ አንቱታ አይበዛም። አባቴን አንተ እያልኩ ነው ያደግኩት፣ የሰፈሩን ሽማግሌም እንደዚያው፣ ማንም ተንቄያለሁ ብሎ አያውቅም።

እንግዲህ ደረቅ ነው ካልከው እንጀምር።

የመጣኸው በየትኛው ወር ነው? ከልብስህ ሳየው ጥር ወይ የካቲት ይመስለኛል (ሹራብ ለብሰህ ድሬ! አቦ!)። በጥር ልክ ነህ። ጥር ላይ ደቻቱ ውስጥ ኳስ እንጫወታለን፣ ግመል ይሄድበታል፣ የታጠበ ምንጣፍ ይሰጣበታል። ግን ደቻቱ ድሬ ውስጥ አይነሳም። የሚመጣው በደቡብ በኩል ከቆመው ተራራ ነው፣ ከደንገጎ ወገን፣ ወደ ሐረር ስትሄድ መኪናው እየተጥመለመለ ከሚወጣው ዳገት። እዚያ ላይ ከፍታው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ያንን ሁሉ ቁልቁለት ውሃው በአጭር መንገድ ይንደረደርበታል። ሜዳው ላይ ሲደርስ አሸዋው ይጠጣዋል፣ የተረፈው በከተማዋ መሃል አልፎ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሺኒሌ ሜዳ እየሳሳ ይጠፋል።

አሸዋው ይጠጣዋል ያልኩት ነገር ለማሳመር አይደለም። ልጆች ሳለን ክረምት እንዳለፈ አሸዋውን በእጃችን እንቆፍር ነበር። ላዩ እግር ያቃጥላል። ክንድህን እስከ ክርንህ ስታስገባ ይቀዘቅዛል። ትንሽ ስትጨምር ቀለሙ ይጠቁራል፣ ጣትህ ላይ ይጣበቃል። ከዚያ እጅህን አውጥተህ ዝም ብለህ ትጠብቃለህ። ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ቀስ እያለ ይጠራቀማል፤ መጀመሪያ ድፍርስ ነው፣ ቆይቶ ፊትህን ያሳይሃል። ቀድሞ ውሃ ያወጣ ልጅ ሌሎቹ ላይ ይረጫል፣ ሕጉ ይኸው ነበር። ቧንቧ በጠፋ ቀን ትልልቆቹም እየቆፈሩ ልብስ ያጥቡበት ነበር፣ ያኔ እኛን ያባርሩናል።

ከተማዋ ራሷ የምትጠጣው ከመሬት ሥር ነው። ሳቢያን ያሉትን ጉድጓዶች የድሬ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ዝናብ እንደሆነ በዓመት 600 ሚሊሜትር ገደማ ነው የምናገኘው፣ ፀሐያችን ደግሞ ምን እንደምትመስል አይተሃል። ከተራራ በጎርፍ ወርዶ አሸዋው የሚያስቀረው ውሃ ባይኖር የከርሰ ምድሩ ምን ሊሞላው ነው? ሆቴልህ ሻሂ ጠጥተሃል አይደል? የማንቆርቆሪያውን ክዳን ብታነሳ ኖሮ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ሠርቶ ታይ ነበር። ያ ተራራው ነው። ተራራችን የኖራ ድንጋይ አለው፣ የሲሚንቶ ፋብሪካም ያገኘነው በሱ ሰበብ ነው፣ ውሃውም በድንጋዩ ውስጥ አልፎ ሲመጣ ኖራውን ይዞ ይመጣል። እናቴ በየሁለት ሳምንቱ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ሎሚ ጨምቃ ታፈላበታለች፣ ከዚያ ቅርፊቱ እየተላጠ ይወድቃል። እና ወንድሜ፣ ቦይ ያልከውን ወንዝ ሁለት ቀን ሙሉ ስትጠጣው ነው የከረምከው።

(ብትጠይቅ ስሙም ይነግርህ ነበር። ለገሃሬ የሚባል ሰፈር አለን፤ «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ነው። አሸዋ የሚባል ገበያ አለን፤ ይሄኛው ትርጉም አያስፈልገውም።)

ወደ ከባዱ ልሂድ። በገዛ ጥፋታቸው ነው አልክ።

ይቺን ስትጽፍ እጅህ አልከበደህም? ድሬ ለምን እዚህ ቦታ ላይ እንደተቆረቆረች ቀድመህ ብታነብ ጥሩ ነበር። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር ሊገባ ነበር የታሰበው። ተራራው አስቸገረ፣ ወጪውም ከበደ፣ ስለዚህ ሐዲዱ በተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ሆነ፣ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ። ከተማዋም አዲስ ሐረር ተባለች። ከወንዙ ወዲያ ማዶ ፈረንሳዮቹ መንገዱን በክር ለክተው ከዚራን ሠሩ፤ ጣቢያው፣ ጋራዡ፣ ዛፍ የተተከለበት ቀጥ ያለ ጎዳና፣ የሠራተኛው ቤት። ከወንዙ ወዲህ መጋላ ራሷን በራሷ ሠራች። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አረቡ፣ ህንዱ፣ ከደጋ የመጣው አማራና ጉራጌ፣ ሁሉም ባገኘው ክፍት ቦታ ሱቁን ከፈተ፣ ቤቱን አስጠጋ። ደቻቱ ደግሞ በበጋ መንገድ ነበር። ግመሉ፣ አህያው፣ ማገዶው፣ አትክልቱ በአሸዋው ላይ እየተነዳ ይገባል። መንገድ ባለበት ገበያ አለ፣ ገበያ ባለበት ሰው ይሰፍራል። ደሃ ሰው የሚሰፍረው ደግሞ ኪራይ በረከሰበት ነው፣ ኪራይ የሚረክሰው ውሃ በሚያሰጋበት ነው። ይሄ ድሬ የፈለሰፈችው ነገር አይደለም፤ አዲስ አበባም ወንዝ ወንዙን ብትወርድ ታገኘዋለህ፣ ከቤትህ ብዙም ላይርቅ ይችላል።

ደግሞ «ቀለሱ» የሚለውን ቃል ተውልኝ። በድብቅ የተቀለሰ ነገር አልነበረም። ከኛ ጀርባ የነበሩት ጎረቤቶቻችን የያዙት የቀበሌ ቤት ነበር። በሩ ላይ ቁጥር ተለጥፎበታል። ቆጣሪ ገብቶለታል። እናትየው ኪራዩን በየወሩ እየከፈለች ደረሰኙን በላስቲክ ጠቅልላ ከቁርዓኑ አጠገብ ከፍ አድርጋ ታስቀምጥ ነበር። ከጎርፉ በኋላ ያ ላስቲክ ጭቃ ውስጥ ተገኘ። ደረሰኞቹ አልረጠቡም። ይዛቸው አንድ ቢሮ ሄደች፣ የተቀመጠው ሰውዬ አገላበጠና ቤቱ የት ነው አላት። ቤቱማ የለም፣ ለሱ አይደል የመጣችው! ለሦስት ወር ያህል በዚያ ቢሮ ደጃፍ ተመላልሳለች።

ሌሊቱ ሐምሌ 29 ለ30 ነው፣ 1998። የ13 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከባዱ ዝናብ የወረደው ደጋው ላይ ነው፣ እኛ ተኝተናል። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፣ ሺዎች ቤት አልባ ሆኑ። በቁጥር ሲነገር ይሄ ነው። እኔ የማስታውሰው ሽታውን ነው። ድሬ የምትሸተው አቧራና ቡና ነው። ያን ሌሊት ግን የእርጥብ አፈር ሽታ ቤት ውስጥ ገባ፣ የደጋ ጭቃ ሽታ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ያለበት። ውሃው ሳይደርስ ሽታው ደረሰ። አባቴ በሩን ከፈተና ወዲያው ዘጋው፣ ከዚያ በጓሮ በኩል መሰላል አቁሞ ጣሪያ ላይ አወጣን። ሲነጋ ግድግዳችን ላይ ከኔ ቁመት በላይ የጭቃ መስመር ተሰምሮ ነበር። ስለዚያ ማለዳ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እንዲነሱ ተነግሯቸው ነበር ትለኝ ይሆናል። ወዴት ተነሱ? ይሄን ጥያቄ መልስልኝና ስለ ጥፋት እናወራለን። ጥፋት መፈለግ ካማረህ ደግሞ አንገትህን ቀና አድርግና ወደ ተራራው እይ። ዛፉ ተቆርጦ ራቁቱን የቀረ ዳገት ውሃ አይይዝም፣ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ያንሸራትተዋል። ዛፉ የት ሄደ? ከሰል ሆኖ ወደ ከተማ ወረደ። በዚያ ከሰል የመጋላም ጀበና ፈልቷል፣ የከዚራም ጀበና ፈልቷል። የሞተው ግን ወንዝ ዳር የተኛው ነው።

ስለ ግንቡ አጭር ልሁን። ግንቡ ጥሩ ነው። ከሱ ወዲህ የምንተኛው እንቅልፍ ከድሮው ይሻላል። ተዘግቷል ያልከውን ታሪክ ግን በ2012 ሚያዝያ ላይ ጎርፉ ራሱ መጥቶ ከፍቶታል፣ ኮሮና ፈርተን ቤት በተቀመጥንበት ሰሞን፤ ያኔም ሰው ሞቷል። ልብ በል፣ ሚያዝያ ነው፣ ነሐሴ አይደለም፤ በልጉም ያመጣዋል። ግንብ ውሃውን ይመራዋል እንጂ አያስቀረውም። ውሃው አሸዋ ባመጣ ቁጥር ወለሉ ከፍ ይላል፣ ግንቡ ግን ባለበት ነው፣ ስለዚህ ያጥራል።

ሰፈራችን ይሄን ያውቃል። ለዚህ ነው ክረምት ሲገባ ሰዉ ማታ ማታ ደጅ ወጥቶ ፊቱን ወደ ደቡብ የሚያዞረው። ተራራው ላይ መብረቅ ከታየ ስልክ ይደወላል። ሳምቡሳ የምትሸጠው አዴ ደንገጎ አካባቢ የተዳረች ልጅ አለቻት። ስትደውል ሰላምታ የለም፣ ደህና ነሽ ወይ የለም። «ዘነበ?» ነው የምትላት። ልጅቷም ወይ «ጉም ነው» ትላለች፣ ወይ «ዘነበ» ትላለች። ዘነበ ካለች አዴ ሻርፗን ጣል አድርጋ በየበሩ እያንኳኳች ታልፋለች፣ የአንዱን ቆርቆሮ በር በእጇ፣ የሌላውን በድንጋይ፣ ጆሮው የከበደውን ሽማግሌ ደግሞ መስኮቱን ነው የምትመታለት። አሥር ደቂቃ አይፈጅባትም። አንዳንዴ ምንም ሳይመጣ ያድራል፣ ጠዋት እንስቅባታለን፣ ትሰድበናለች፣ ሳምቡሳ እንገዛታለን። ይሄ ጽሑፍህ ውስጥ የለም። የሚታየው ማታ ነዋ፣ አንተ ደግሞ ማታ ከዚራ ነበርክ።

ይተኛሉ አልክ። ፎቶዎችህን ጥላቸውን አይቼ ሰዓቱን ገመትኩ፤ ስምንት ሰዓት ነው። በስምንት ሰዓት እኮ ድሬ ውስጥ ውሻም ቢሆን ጥላ ፈልጎ ይተኛል! ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ይነካል። ሱቁ ወደ ስድስት ሰዓት ግድም ይዘጋል፣ ፀሐይ በረድ ሲል አሥር ሰዓት ገደማ ይከፈታል፣ ከዚያ እስከ ማታ ነው። ተኝተው ያየሃቸው ሰዎች ስንት ሰዓት እንደተነሱ ልንገርህ?

አዴ የምትነሳው ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ነው። ከቤቷ የመጀመሪያው ድምፅ የመዳመጫው ነው፣ ዱቄት በተነሰነሰ ጣውላ ላይ። ሊጡን እንደ ወረቀት ታሳሳዋለች፣ ምጣዱ ላይ ገጭ አድርጋ ወዲያው ታነሳዋለች፤ እንዲበስል አይደለም፣ እርጥበቱ እንዲለቀው ብቻ። ቆርጣ ረጃጅም ታደርገዋለች። ከዚያ ምስሩን በቀይ ሽንኩርትና በቃሪያ ትሞላና ታጥፋለች፤ አንድ እጥፋት፣ ሁለት፣ ሦስት ማዕዘን ሆነ፣ ጫፉን በቀጠነ ሊጥ ትለጥፈዋለች። እጇን አታይም። እያጠፈች ከልጅ ልጇ ጋር ትጨቃጨቃለች፣ የሬዲዮ ዜና ትሰማለች፣ በመስኮት የሚያልፈውን ትጠራለች። ሲነጋ ቀፊራ ገበያ ቅስቶቹ ሥር ናት። እዚያ ደግሞ ከገጠር የወረዱት ሴቶች ማገዶና አትክልት ይዘው ቀድመዋታል፣ ሌሊቱን ነው የተጓዙት። አምስት ሰዓት ላይ ሰሃኗ ባዶ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ብትተኛ ምን ይገርማል? እኔ ብሆን እስከ ማግስቱ ነበር የምተኛው።

ጫቱን ግን ልዋሽህ አልፈልግም። አለ። ይበዛል። ምሳ ተበልቶ በርጫ የሚቀመጥ ሁሉ ሌሊት አሥር ሰዓት የተነሳ ነው ብዬ ላታልልህ አልችልም። የራሴ አጎት የገቢውን ግማሽ በጫት ጨርሶ ለልጆቹ ደብተር እናቴ ናት የምትገዛው፣ ስትገዛም ሰምተን እንድናፍር ጮክ ብላ ነው። ሰው ሥራ ሲያጣ ቀኑ ይረዝምበታል። የድሮው ባቡር በደህናው ጊዜ እዚህ ሰፈር ከየሁለቱ ቤት አንዱ ከባቡር ጋር የተያያዘ ነገር ይሠራ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ካልሠራም ለሚሠራው ሻሂ ይሸጣል፣ ዕቃ ያወርዳል፣ ከጅቡቲ የመጣ ጨርቅ ይነግዳል። ያ ባቡር ደከመና ቆመ። በ2009 የተመረቀው አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ ይሄዳል፣ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፣ የኛን ሰፈር ጠርዝ እንኳ አይረግጥም። እነዚህን ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ ጽፈህ ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ አነብልህ ነበር። አንተ ጫቱን ብቻ ጻፍክ።

ከዚራና መጋላ አይተዋወቁም ያልከው ላይ ግን ከልቤ ሳቅኩ። እኔ የተማርኩት ከዚራ ነው። በየቀኑ አሸዋውን እሻገራለሁ፣ ክፍል ከመግባቴ በፊት ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ጫማዬን አራግፋለሁ። የመጋላ ልጅ በዚህ ይታወቃል፤ ደረጃው ሥር ትንሽ የአሸዋ ክምር አለ። አባቴ ሥራው ከዚራ፣ እናቴ ገበያዋ መጋላ። ወንድሜ ከከዚራ አገባ። አክስቴ በአማርኛ ትቆጥራለች፣ በኦሮምኛ ትከራከራለች፣ ስትናደድ ደግሞ ሶማልኛ ብቻ ነው የሚያረካት። ውሃ በሞላ ጊዜ ብቻ ነው የምንለያየው፤ ድልድይ ያልደረሰው ሰው ወዲያና ወዲህ ማዶ ቆሞ በእጁ ያወራል።

አንድ ነገር ላሳይህ፣ ቤታችን ብትመጣ ማለቴ ነው። የእድር ብርጭቆ ታውቃለህ፤ እንዳይጠፋ ከሥሩ ቀለም ይቀባል። የኛ እድር ቀይ ነጥብ ነው። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን አፎሻ፣ የነሱ እድር በለው፣ አረንጓዴ ነው። በዚያ በ98ቱ ሳምንት ለቅሶ ያልነበረበት በር ስላልነበረ የእድሩ ድንኳን ለአፎሻው ለቅሶ ተተከለ፣ የአፎሻው ድስት እድሩ ቤት ሄደ፣ ወንበሩ፣ ሰሃኑ፣ ብርጭቆው ሁሉ ተደባለቀ። ሙስሊሙ ያረደውን ሙስሊሙ እንዲበላ፣ ክርስቲያኑ ያረደውን ክርስቲያኑ እንዲበላ ድስቶቹ ብቻ እንዳይደባለቁ ሁለት ሴቶች ቆመው ይጠብቁ ነበር፣ ሌላው ግን ማን የማን እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። በኋላ ሲለይ እኛ ቤት አንድ ባለ አረንጓዴ ብርጭቆ ቀረ። እናቴ ልትመልስ ወሰደችው፣ የአፎሻዋ ሴትዮ አልቀበልም አለቻት፣ ምክንያቱም እሷም ጋ ሁለት ባለ ቀይ ቀርተዋል፣ መቁጠር ከተጀመረ የሚያሳፍረው እሷን ነው። እስካሁን እኛ ቤት ነው። እንግዳ ሲበዛ ይወጣል።

የፍቅር ከተማ ማለትህን ታዲያ ለምን ጠላሁት? አመስጋኝ መሆን ነበረብኝ አይደል? ወላሂ፣ ከስድቡ ይልቅ ያናደደኝ እሱ ነው። «የፍቅር ከተማ» የሚለው ሰው ሁሉ ፍቅሩ ከሰማይ የዘነበልን ይመስለዋል። የኛ እድር ለቅሶ የቀረ ሰው ላይ ቅጣት ይጥላል። መዝገብ አለ፣ ስም ይጠራል፣ ሰበብ የሚደረድር ይከፍላል። አፎሻውም የራሱ ሥርዓት አለው። ይሄ ሁሉ ድካም ነው፣ ስብሰባ ነው፣ ጭቅጭቅ ነው፣ የተበላ ገንዘብ ፍለጋ ነው። ደግሞም በቅርብ ዓመታት ውስጥ ድሬ ድንጋይ የተወራወረችበት፣ ደም የፈሰሰበት ቀን አይታለች፤ የኔም ሰፈር አልተረፈም። ያን ጊዜ ማታ ማታ መንገዱን የጠበቁት ከሁለቱም ወገን የመጡ አባቶች ነበሩ፣ በርጩማ ይዘው፣ ቴርሞስ ይዘው። ሁሉም አልቆሙም። አንዳንዱ በሩን ዘግቶ ተቀምጧል፣ እናውቃቸዋለን፣ እነሱም እንደምናውቅ ያውቃሉ፣ አሁን ሰላም እንባባላለን። ይሄን ሁሉ በአንድ ቃል ጠቅልለህ ለቱሪስት ፖስተር ስትሰጠው ይከፋኛል።

ቆሻሻው ላይ አሸንፈሃል። ምንም መልስ የለኝም። ፌስታሉ፣ የፕላስቲክ ጠርሙሱ፣ የጫቱ ገራባ ክምር፣ ሁሉም የኛ ነው። ደቻቱ እስኪሞላ ጠብቀን ጎርፍ ይጥረገው የምንል ሰዎች ነን፤ ጠርጎም ለሺኒሌ ያደርስልናል፣ እዚያ ያለው ከብት ይበላዋል። እሱን በሚመለከት የጻፍከውን አንቀጽ ለሰፈሩ ወጣቶች አሳይቻቸዋለሁ፤ አንደኛው «ልክ ብሏል አቦ» አለ፣ ሌላው ጠርሙሱን አሸዋው ላይ ሊጥል ሲል አየኝና ኪሱ ከተተው።

ደፍነን መዝናኛ እናድርገው የሚለው ግን… ወንድሜ፣ ውሃው የት ይሂድ? በቱቦ ይሄዳል ልትል ነው። ያ ተራራ የሚልከውን አሸዋ፣ ግንድ፣ መኪና የሚያህል ድንጋይ በየትኛው ቱቦ ልታሳልፈው ነው? የ1998ቱ ውሃ መንገዱን ያጠበቡበትን ቤቶች ነው የበላው፣ አንተ ደግሞ ጭራሽ መንገዱን ልትዘጋበት ነው። መዝናኛውስ አለ እኮ። አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይ ከተራራው ኋላ ስትገባ፣ አሸዋው ላይ ሦስት የኳስ ቡድን በአንድ ጊዜ ይጫወታል፤ ጎሉ ድንጋይ ነው፣ የአንዱ ቡድን አጥቂ የሌላው ቡድን ተከላካይ ላይ ይወድቃል። ግንቡ ላይ ሽማግሌዎቹ ተደርድረው ይፈርዳሉ፣ ማንም አይሰማቸውም። ከጎን ባጊያ ይጠበሳል። ትኬት የለም፣ ዘበኛ የለም። ውሃ ሲመጣ ሁሉም ተነስቶ ይወጣል፣ ውሃው ያልፋል፣ አዲስ አሸዋ ይተዋል፣ በሦስተኛው ቀን ድንጋዮቹ ተመልሰው ጎል ይሆናሉ።

ተመለስና እይ ብዬ ልጋብዝህ አስቤ ነበር የጀመርኩት፣ አሁንም ልቤ አልተቀየረም። ሁለት ቀን ሳይሆን ሳምንት ቆይ፣ መጋላ እደር፣ ሹራቡን አዲስ አበባ ተወው። ብርጭቆውን አወጣልሃለሁ። በነሐሴ ከመጣህ ግን አደራ፣ መኪናህን አሸዋው ላይ አታቁም፣ ካቆምክም ቁልፉን ለአዴ ስጣት፤ ልጇ «ዘነበ» ስትላት አንተን ፍለጋ ከዚራ ድረስ አትሄድም።